ለሐኪም የነገርኩት ዕድሜ

ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ጉልበቱ አልታጠፍ የሚለው፣ ግን ለአሰልጣኙ ትንፍሽ ሳይል ጫማውን አስሮ ሜዳ የሚገባ ተጫዋች ካለ ይህን የጻፍኩት ለእሱ ነው። ሚስቱም ብታነበው ደስ ይለኛል። እኔ ድኛለሁ፤ ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ሰግጄ ያለ ድጋፍ እነሳለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ኀፍረቱ ግን ከጉልበቴ በላይ ስለቆየብኝ ከእሱ ልጀምር።

ኳስ ለማያውቅ አንባቢ በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ ሙያ «የኳስ ዕድሜ» የሚባል ነገር አለ። ልጅ ሳለን ከኩየራ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ነበር የምንጫወተው። ለታዳጊ ቡድን ሊመርጡን ሲመጡ የቡድን መሪው ስማችንን ጠየቀ፤ ዕድሜያችንን ግን ራሱ ሞላው። እኔ ቁመቴ አጭር፣ ጺሜም ያልበቀለ ስለነበር አራት ዓመት ቀነሰልኝ። በኋላ ትልቅ ክለብ ስገባ ሌላ ሦስት ተቀነሰ። መታወቂያውም ፓስፖርቱም በዚያው ሄደ። ነውር ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ጓደኞቼ ሁሉ እንዲሁ ነበሩ። አምስት ዓመት የምበልጣት እህቴ ዘሃራ በወረቀት ታላቄ ሆነች። በዓል ላይ ቤት ስትገባ «ታላቅህ መጣችልህ፣ ተነስላት» እየተባለ ይቀለድብኝ ነበር። እሷ ራሷ እየሳቀች «ወንድም ጋሼ» ብላ ትስመኛለች።

ሐያትን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ አባቷ ዕድሜዬን ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ከእኔ የሰሙትን ተናገሩ፤ እኔም ከመታወቂያዬ የለመድኩትን ነበር የነገርኳቸው። በትልልቅ ሰዎች አፍ ከተነገረ በኋላ ሄጄ «ሰባት ዓመት ተረስቷል» ማለት አልቻልኩም። እንዲህ እያለ ቀረ። አዳማ ያለ አንድ ክለብ «ልምድ ያለው ተከላካይ» ብሎ ሲያስፈርመኝ ወረቀቴ ሃያ ዘጠኝ ይላል፣ እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያ ሁሉ ልምድ መቼ እንደተጠራቀመ የጠየቀ የለም።

ሕመሙ የጀመረኝ ከውድድሩ በፊት በነበረው ዝግጅት ላይ ነው። የአዳማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ኳስ ይዤ ስዞር ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። አላስጮኸኝም። ልምምዱን ጨርሼ ገላዬን ታጥቤ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬ አልገባ አለኝ።

የቡድናችን ወጌሻ ጋሽ ቶሎሳ ደግ ሰው ናቸው። ቀዝቃዛ ነገር ነፉበት፣ በፋሻ ጥብቅ አድርገው አሰሩት፣ «አብሽር ጀማል፣ ይለቅሃል» አሉኝ። ለቀቀኝም፤ ግን ለጨዋታ ቀን ብቻ። እየታሰርኩ እገባለሁ፣ እየተፈታሁ እወጣለሁ። ከዚያ መቆለፍ ጀመረ። እግሬን አጥፌ ልዘረጋው ስል መሐል ላይ ይዞኝ ይቀራል፤ ትንሽ ወዝወዝ ካላደረግኩት አይለቅም። አንድ ቀን በሜዳችን ስንጫወት አጥቂው ባጠገቤ ሲያልፍ ልዞር ብዬ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። ጎል ሆነ። ከደጋፊው መሐል አንዱ «ለሰውዬው ወንበር ስጡት እንጂ» አለ፤ የሳቀው ሰው ብዛት አሁንም ይሰማኛል። ተቀያሪ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ወደ ሜዳው ማየት አቅቶኝ ጫማዬን ስፈታና ሳስር ቆየሁ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ሶደሬ ሂድ፣ ፍል ውሃው ሕመሙን ያወጣልሃል አለኝ። ሄጄ ያበጠውን ጉልበት ፍል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ዋልኩ። እንኳን ሊያወጣው እጥፍ አድርጎት ተመለስኩ። ያበጠ ነገር ላይ ትኩስ አይደረግም፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፣ እናንተ አሁን እወቁት።

በመጨረሻ ክለቡ አዳማ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ላከኝ። አጠገቤ የቡድን መሪያችን ነበር። ካርድ የምታወጣው ልጅ ዕድሜ ስትለኝ አፌ ለምዶ «ሃያ ዘጠኝ» አለ። ጉልበቴ ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ዶክተር ናሆም ይባላል፤ ወጣት፣ ትሑት፣ በሽተኛውን አይኑን እያየ የሚያነጋግር። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ ቆየ። ወደ ካርዱ ተመለከተ፣ ወደ እኔ ተመለከተ፣ ተመልሶ ወደ ራጁ።

«በሃያ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ጉልበት አይቼ አላውቅም» አለ። «አንድ ነገር እየበላው ነው።»

አስረዳኝ። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጭ መሐላቸው የሚሆነው ልም አጥንት ሳስቷል፤ የአጥንቱም ጠርዝ ሾሏል። በዕድሜ የገፋ ወይም ለረጅም ዓመታት የለፋ ሰው ጉልበት እንዲህ ይሆናል፣ በእኔ ዕድሜ ግን ምክንያት አለው ማለት ነው። ጥሬ ወተት ትጠጣለህ? ቤታችሁ ውስጥ ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ነበር? ጣቱ የተጣመመ፣ መገጣጠሚያው የሚያብጥ ዘመድ አለህ? እያለ ጠየቀኝ። አንዱን ሐቅ ብነግረው ሌላው ጥያቄ ሁሉ እንደሚቀር በደንብ ገብቶኛል። የቡድን መሪው ግን ከጎኔ ቆሞ ነበር። ለጥያቄው ሁሉ የለም፣ የለም እያልኩ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሰበብ ነበረኝ እንበል። ከዚያ በኋላ ግን ብቻዬን ሄጃለሁ፤ ከሐያት ጋር ሄጃለሁ። ሰበብ አልነበረኝም።

የደም ምርመራው ውጤት ሙሉ በሙሉ አዎንታዊም አይደለም፣ አሉታዊም አይደለም ተባለ። ዶክተር ናሆም የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል አለ። ሰውነትን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ጠላት መስሎት የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ሐያት ቁጭ ብላ ነበር የምታዳምጠው። ወደ ሌላ መገጣጠሚያ ይዛመታል ወይ ብላ ጠየቀች። ሊዛመት ይችላል አላት። ዓይንም ይነካል ወይ? አንዳንዴ ይነካል። በዘር ይተላለፋል ወይ? ዝንባሌው ይተላለፋል። እሷ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ስፌት የሳተውን ከብዙ ሸሚዝ መሐል ነቅሳ ማውጣት ሥራዋ ነው። ጥያቄዋም እንደዚያ ነበር። እኔ አጠገቧ ወለሉን እያየሁ ተቀምጫለሁ።

ኪኒን ተጀመረ። እብጠቱን ወዲያው አወረደው፤ እንዲያውም ሁለት ጨዋታ ተጫወትኩ። ከዚያ ሆዴ ይቃጠል ጀመር፣ እንቅልፍ ራቀኝ፣ ፊቴ ክብ እያለ መጣ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «አዳማ ተስማምታሃለች» ይለኛል። የቡድን ጓደኞቼ ጉንጬን እየያዙ ይቀልዳሉ። ሐያት ብቻ ናት ያልሳቀችው። ኪኒኑ መሆኑን ታውቃለች፣ ይቀነስልህ ብላ ሐኪሙን የለመነችውም እሷ ናት።

ክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ ውስጥ ስንት ቀን እንደዋልን አላውቅም። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ አይቀነስም፣ ማንም ግን አያየውም። ልጅ ያቀፉ እናቶች፣ ወገባቸውን የያዙ ሽማግሌዎች፣ ተራው ያልፈኝ ይሆን እያለ በየደቂቃው የሚነሳ ሰው። አንድ ቀን ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሾፌር ከጎናችን ነበር። ወገቡን ታሞ ነው የመጣው። ሲያየኝ ቆየና ፊቱ በራ። ወንበሩን ለሐያት ለቀቀላት፣ ሻይ አዘዘልን፣ ከዚያ «ጀማል ነህ አይደል? እኔ ገና ተማሪ ሆኜ ነበር የማይህ፣ ሻሸመኔ ስትጫወቱ አጥር ዘለን እንገባ ነበር» አለኝ። ጺሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ? ሌላ ሰው መስዬህ ይሆናል አልኩት። ሰውየው አፈረ። ይቅርታ ብሎኝ ዞሮ ተቀመጠ። ሻዩን ከፍሎ ነው የሄደው። ሐያት ብርጭቆዋን ሳትቀምሰው መልሳ አስቀመጠችው፤ ያን ጊዜ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

በዘር የሚባለው ነገር ስለተነሣ ዶክተር ናሆም ከቤተሰብ ትልቅ ሰው ማነጋገር እፈልጋለሁ አለ። እናቴ ከሻሸመኔ መጣች። አዲስ ሻርፕ ለብሳ፣ ለሐኪሙ ማር በጠርሙስ ይዛ። በአክብሮት ነበር የጠየቃት። እማማ፣ ከእርስዎ ወይም ከአባቱ ወገን በልጅነቱ መገጣጠሚያው የታመመ አለ? የለም አለች። ጀማል ሲወለድ እንዴት ነበር፣ ልጅ ሆኖ ታሞ ያውቃል? አላመመውም። መቼ ነበር የተወለደው? ብሎ ሲጠይቃት እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ያን አስተያየቷን ብገልጸው ደስ ባለኝ። ልናገር ወይ? ማለቷ ነበር። ዓይኔን ወደ ራጁ አዞርኩ። እናቴ ለኳስ ፌዴሬሽን ሰዎች ስትናገረው የኖረችውን ዓመት ነገረችው። በጽሑፍ የተሰጣትን ያህል ሳትሳሳት ነበር የተናገረችው።

ባጃጅ ይዘን ሐያት ወደቆየችበት ቤት ተመለስን። ሐያት ወደ ሥራዋ ስትሄድ ሁለታችን ብቻ በረንዳ ላይ ቀረን። ማሩን ሐኪሙ አልወስድም ብሎ መልሶላት ስለነበር ጭኗ ላይ ይዛዋለች።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ይሄን ውሸት የለመድኩት ለኳስ ሰዎች ነው። ለሐኪም መዋሸትን ያስተማርከኝ ዛሬ ነው።»

እማ፣ የውድድር ዓመቱ እስኪያልቅ ነው አልኳት። ዕድሜዬ ከታወቀ ውሌ ይፈርሳል፣ እቀጣለሁ፣ ስሜ ይነሣል አልኳት። ሐያትስ? አለችኝ። ለሐያት ብነግራት አባቷ ፊት የቆሙትን ሽማግሌዎች ውሸታም ማድረጌ ነው ብዬ መለስኩ። እናቴ አልተከራከረችኝም። የዐስርን ሶላት ሰግዳ፣ ብዙ ቆይታ ተነሣች፤ በማግስቱ ሻሸመኔ ተመለሰች። ሌላ ጊዜ አዳማ ስትመጣ ከሳምንት በታች ቆይታ አታውቅም ነበር።

አሁን ልጽፈው ከሚከብደኝ ላይ ደረስኩ።

ኢህሳን የምትባል ልጅ አለችን። ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል ነበረች። ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ውላ ማታ ማታ እግሬን አመመኝ ትላለች፤ ጠዋት ተነሥታ ደግሞ ትሮጣለች። ይህ በብዙ ልጆች ላይ ያለ ነገር ነው፣ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሐያት እግሯን አሽታ ታስተኛት ነበር። አሁን ግን በዘር የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። ኢህሳንን አልጋ ላይ አስቀምጣ ጉልበቷን ትጫናለች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትቆጥራለች፣ ዓይኗን በመስኮቱ ብርሃን ታያለች። ሐያትን ራሷን ምግብ ያስጠላት ጀመር። ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸ ሸሚዝ አሳልፋ አለቃዋ እንደተቆጣት ከጎረቤት ነው የሰማሁት፤ እሷ አልነገረችኝም። እኔ በየቀኑ ልጅ ስለሆነች ነው፣ ስለምትሮጥ ነው እላታለሁ። እንዴት አወቅህ ስትለኝ መልሱ ነበረኝ፤ አልሰጠኋትም።

ልጅቷን ወደ ዶክተር ናሆም ይዘናት ሄድን። ጉልበቷን አይቶ ምንም የለውም፣ ግን ከአባቷ ታሪክ አንፃር ደሟን ማየቱ አይከፋም አለ። ከአባቷ ታሪክ አንፃር። ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ ኢህሳን መጮኽ ጀመረች። አባት ክንዷን ይያዝልን ተባለ። ያዝኩላቸው። በሁለት እጄ፣ እንዳትንቀሳቀስ አድርጌ። «አባዬ በላቸው፣ አባዬ ተው በላቸው» ትለኝ ነበር። ማስቆም የምችለው በዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሷ ይህን ሳታውቅ ትክክለኛውን ሰው ነበር የለመነችው። ደሟ ወደ ብልቃጡ ሲገባ እያየሁ፣ አብሽሪ አልቋል እያልኩ፣ ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ እንድትፈርዱብኝ ነው የጻፍኩት። ውሌን አስቤ ነው ብል እዋሻለሁ። በዚያች ደቂቃ ስለ ውል ያሰብኩት ነገር የለም። ብናገር ሐያት በምን ዓይን ታየኛለች ብዬ ነው የፈራሁት። ከአንድ ሰው ዓይን ለመትረፍ ብዬ የልጄን ክንድ ይዤ አስወጋሁ።

ውጤቷ ሲመጣ እንደ እኔው ሆነ፤ እዚህም እዚያም የማይባል። ሦስታችንም ዶክተር ናሆም ፊት ተቀምጠናል፣ ኢህሳን እናቷ ጭን ላይ ናት። ልጅ ስለሆነች መጠበቅም ይቻላል አለ። ነገር ግን የአባቷ በሽታ በዚህ ዕድሜው ይህን ያህል ከሄደ፣ የእሷን ከመጀመሪያው መያዝ ይሻላል፤ ያንኑ ኪኒን በጣም ባነሰ መጠን ጀምረን እንያት አለ። ሐያት ቀና ብላ ፊቴን አየች። ያበጠውን ፊቴን። ከዚያ የልጇን ፊት በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ዶክተር፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው» አልኩ።

የሰማኝ አልመሰለኝም። ደገምኩት። ሃያ ዘጠኝ የኳስ ዕድሜዬ ነው፣ እናቴም ለእኔ ብላ ነው የዋሸችው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለማቋረጥ ተጫውቻለሁ፣ ይህ ጉልበት ከአሁኑ በፊትም ብዙ ጊዜ ተመትቶ ሳይታከም አልፏል አልኩት። ስናገር ድምፄ እንደ ተማሪ ልጅ ቀጥኖ ነበር። ዶክተር ናሆም ብዕሩን አስቀመጠ። ራጁን እንደገና አውጥቶ ሰቀለው። አሁን ብዙ አልቆየም።

«ታዲያ ይሄ የሠራ ጉልበት ነው» አለ። ራጁን አውርዶ «ልጅቷን ወደ ቤት ይውሰዷት። ምንም የላትም» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አንተ ይለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሲያውቅ አክብሮኝ አንቱ አለኝ። ተቆጥቶ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሐኪም የሚያክመው የነገሩትን ሰው ነው፣ እኔ ያልነበረ ሰው ስላመጣሁለት ያልነበረ በሽታ ሲፈልግ ከረመ። ሐያት መጨረሻውን አልሰማችም። ኢህሳንን አቅፋ ወጥታ ነበር።

ቤት ስደርስ ልጅቷ ተኝታለች። ሐያት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ስለ ሽማግሌዎቹ ጀመርኩ፣ አባትሽን ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ። እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«ዕድሜህን ከሠርጋችን ሳምንት ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ዘሃራ ወንድም ጋሼ ትልሃለች። ታላቅ ለታናሹ እንደዚያ ይላል? ሊነግረኝ ሲፈልግ ይነግረኛል ብዬ ተውኩህ። ለኳሱ ብለህ ነው፣ እሺ። ለሐኪሙ ግን የነገርከው መስሎኝ ነበር፣ ጀማል። ማን ለሐኪም ይዋሻል? እኔ በሽታ አለብህ ብዬ ነው ስፈራ የከረምኩት። አንተ ደግሞ ስፈራ ታየኝ ነበር።»

ሰባቱን ዓመት በነፃ ይቅር ብላኝ ኖራለች፤ እኔ ስደብቃት የነበረው ነገር እሷ ዘንድ ቦታም አልነበረው። ይቅር ያላለችኝ እነዚያን ወራት ነው።

ሕክምናው ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኪኒኑን በሐኪሙ ትእዛዝ ቀስ በቀስ አቆምኩ፤ እንዲህ ያለውን ኪኒን በራስ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ማቆም አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቆኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ወደሚመጡ የአጥንት ስፔሻሊስት ላከኝ። እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ዕድሜዬን ነው፤ ሐያት አጠገቤ ነበረች፣ ቶሎ መለስኩ። ኤምአርአይ ተነሣሁ። ጉልበት ውስጥ እንደ ትራስ የሚያገለግለው ሜኒስከስ የሚባለው ነገር ተቀድዶ ቁራጩ መሐል ይገባል፤ ይቆልፈኝ የነበረው እሱ ነው። በሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ገብተው የተቀደደውን አነሡልኝ። የሳሳው ልም አጥንት ግን አይመለስም፤ ኳሱ በቃ አሉኝ። በክራንች፣ ከዚያ በዱላ፣ ከዚያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በሚያዘኝ ስፖርት ቀስ እያልኩ ቆምኩ። ሐያት በየቀጠሮው ወሰደችኝ። አንድም ቀን አልቀረችም። ቁርሴን አዘጋጅታ፣ ዱላዬን አቀብላ፣ እስከ በር ድረስ ደግፋ። ወሬያችን ግን ስለ ቀጠሮና ስለ አስቤዛ ብቻ ነበር።

ክለቡ ጋ ራሴ ሄጄ ተናገርኩ። የቡድን መሪው በሩን ዘግቶ መጀመሪያ ያለኝ «ታዲያ ለምን ነገርከኝ?» ነው። ውሌ በስምምነት ፈረሰ፤ ለደጋፊው በጉዳት ምክንያት ተባለ። ይህም ውሸት አይደለም። የዘሃራ ባል ሞጆ አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ የስምሪት ሥራ አስገባኝ፣ አሁን የምሠራው እዚያ ነው። ያንን ወገቡን የታመመ ሾፌር ባገኘው ብዬ ግቢ የሚገባውን መኪና ሁሉ ጋቢና አያለሁ። እስካሁን አላገኘሁትም።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የቡድኑ ልጆች አንድ በአንድ፣ አንዱ ሌላውን ሳያሳይ ወደ ቤቴ ይመጡ ጀመር። ጥየቃ ነው ብለው ብርቱካን ይዘው ይገባሉ፤ ሻይ ጠጥተው ሊወጡ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዱ ወገቡን ነው፣ አንዱ ቁርጭምጭሚቱን፣ አንዱ ሲሮጥ ልቡ ያለ ልክ ይመታበታል። ሐኪም ዘንድ ስሄድ የትኛውን ልበል? ይሉኛል። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። ለፌዴሬሽኑ የምትሉትን እናንተና አላህ ታውቃላችሁ፤ እኔ በዚያ ላይ የመናገር አፍ የለኝም። ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ግን በሩን አስዘግታችሁ የተወለዳችሁበትን ተናገሩ። ሐኪም ምስጢር ይጠብቃል፤ ባይጠብቅ እንኳ የምታጡት ውል ነው።

ሐያትና እኔ ደህና ነን። በቅርቡ ደግሞ መሳቅ ጀምራለች፤ እናቴም ባለፈው ዒድ መጥታ ከሳምንት በላይ ቆየች። የሐያትን አባትም ሽማግሌዎቹን ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እሳቸው ስቀው አለፉት።

ኢህሳን ግን አሁንም ስትሮጥ ውላ ማታ እግሯ ሲደክማት ትመጣና ጉልበቷን ትዘረጋልኛለች። አባዬ፣ በሽታው ይዞኛል? ትለኛለች። አልያዘሽም፣ ምንም የለሽም፣ ሐኪሙም ብሏል እላታለሁ። ጥያቄዋን ስመልስላት ፊቴን ትክ ብላ ታየዋለች። ከዚያ ትነሣና ወደ ወጥ ቤት ሄዳ እናቷን ትጠይቃታለች።